የፈረስ ቤት መኪና ሙቀትና አየር

ባለቤቴ ከፈረስ ቤት ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። የሚነዳው ቅጥቅጥ የምንለውን፣ በጭነት አይሱዙ ላይ የአውቶቡስ ገላ ተበይዶ የተሠራውን መኪና ነው። መኪናው የራሱ አልነበረም፤ ቡሬ የሚኖር የእህል ነጋዴ ንብረት ነው። እኔ ፈረስ ቤት አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። አንድ ልጅ ነበረችን።

ፈረስ ቤት ደጋ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ከቤት ስንወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። የመጀመሪያው መኪና ሲሞላ ሰው የሚሳፈረው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው፤ ሲቀመጥም ከሁሉ በፊት የሚያየው መስኮቱን ነው። ተዘግቷል? በደንብ ተዘግቷል? የመስታወቱ ጎማ የላላ እንደሆነ ከጋቢው ጫፍ ክር መዝዞ፣ ወይ የፌስታል ቁራጭ አጣጥፎ ይወትፈዋል። አንድ ሰው በስህተት ጣት የምታህል ክፍተት ቢተው ከኋላ በኩል ጩኸት ይነሣል። «የቀዳዳ ንፋስ ከጦር ይብሳል» ይላሉ አሮጊቶቹ። ምች ይመታል፣ ጎን ይወጋል፣ አራስ ያሳብዳል ይባላል። ስለዚህ መኪናው ተዘግቶ ይሄዳል። የሰዉ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። የራስ ቅቤው፣ የድንቹ ጆንያ፣ እግሩ የታሰረው ዶሮ፣ የረጠበው ጋቢ፣ ሁሉም አንድ ሽታ ይሆናል። ወደ ቆላው ወርደን ፀሐይ ጣራውን ስትመታው እንኳ የሚከፍት ሰው የለም። ላብ እየወረደውም ቢሆን ሰው ንፋስ ይፈራል።

በዚያ መኪና ውስጥ አንድ ሞቃት ቦታ ነበር። ከሾፌሩ በስተቀኝ ያለው የሞተሩ ክዳን ነው። ባለቤቴ የስፖንጅ ቁራጭና የበግ አጎዛ አንጥፎበት ነበር። እዚያ የሚቀመጠው እሱ የፈቀደለት ሰው ብቻ ነው፤ በሽተኛ፣ አራስ፣ አንዳንዴም ከገዳም የሚመለስ መነኩሴ። ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት ግን ቦታው የልጃችን ነበር። ፍኖተ ሰላም ታላቅ እህቴ ቤት ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ለቅዳሜና እሑድ ወደ እኛ ትመጣለች፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በአባቷ መኪና ትወርዳለች።

ክዳኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጀርባውን ለፊተኛው መስታወት፣ ፊቱን ለተሳፋሪው ይሰጣል። ለእሷ ይህ ደስታ ነበር። ወሬ ትወድ ነበር። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንደተዳረች ከእኔ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። ሰው ሲሳፈር በዝምድና ስም ትጠራዋለች፤ «አያ እንደምን አደሩ»፣ «እታለም ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ»። አባቷ በመስታወቱ እያየ ፈገግ ይላል። «መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ሰዉን የምትነዳው እሷ ናት» ይለኝ ነበር።

ፊት ለፊቷ ከሚቀመጡት አንዱ ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ ካለ መንደር የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው አባታቸው ሲሞቱ ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ትንሽ ነጋዴም ነበሩ፤ የማር እንስራ ይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ይወርዳሉ። ጉልበታቸው ከልጄ ጉልበት ጋር ይነካካል። መንገዱን ሁሉ ሰምና ወርቅ ያስፈቷታል። እሷ ወርቁን ስታገኝ «ተባረኪ፣ አንቺ ለመምህርነት ወንበር ነው የተፈጠርሽ» ይላሉ፤ ያጣች እንደሆነ ደግሞ እስከሚመጣው ሰኞ ታስብበታለች። ያስላቸው ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን እየያዙ ረጅም ሳል ይስላሉ። የሚጨነቅላቸው ሲመጣ «የደጋ ሰው ያለ ሳል የት ይታወቃል፤ ብርድ ነው» ብለው ያልፉታል። ያን ዓመት ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ሳሉባት። በታኅሣሥ አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገብተው የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባሉ፤ መድኃኒትም ጀመሩ። ይህን ሁላችንም ሰማን፤ «እግዜር ይማራቸው» አልን። ከዚያ በላይ ያሰብን ሰው አልነበረም።

ልጄን ሳል የጀመራት ከጥምቀት በኋላ ነው። ዳማከሴ አሸተትናት፣ ማር በነጭ ሽንኩርት ሰጠናት፤ ጤና ጣቢያ ወስጃት የሚጠጣ ሽሮፕ ታዘዘላት። ተሻላት፤ እንደገና ጀመራት። በፆሙ መካከል ዩኒፎርሟ ሰፋት። ፆም ስለሆነ ነው አለች እህቴ። ከዚያ ራሷን ያማት ጀመር፤ የፀሐይ ብርሃን አልወድም አለች፤ የበላችውን መለሰች። ትንሣኤ ሳይደርስ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስገባናት። እዚያ ያሉት አይተዋት ወደ ባሕር ዳር አሁኑኑ ውሰዷት አሉ።

አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ባለቤቴ ወደ ቡሬ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ጭኖ መናኸሪያ ቆሞ ነበርና «እስከ ቡሬ በእኔ እንሂድ፤ ከዚያ በሚኒባስ ትቀጥላላችሁ» አለ። ክዳኑ ላይ አስተኛናት፤ ራሷ ጭኔ ላይ ነው። ጥቂት እንደሄድን ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«አባባ፣ ትንሽ መስኮት ክፈትልኝ» አለችው።

ከጎኑ ያለውን ከፈተ። አየሩ ፊቷን ሲነካው ትንፋሿ ሲረጋጋ በእጄ ተሰማኝ። ወዲያው ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ሾፌር! በመድኃኔ ዓለም ዝጋልን!»

«ሕፃን ይዣለሁ፤ ንፋስ ገደለብኝ!» አለች ሌላዋ።

«በሽተኛ ናት፤ ትንሽ ታገሡን» አልኳቸው ዞሬ።

«በሽተኛማ ከሆነች ንፋስ ይገላታል እንጂ!» አሉ አንዲት እናት፤ ክፋት አልነበራቸውም፣ ከልባቸው አዝነው ነው። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው አለበሷት።

ባለቤቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ወደ እሷ አየ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጋው። ልጄ እጁን ፈልጋ ማርሹ ላይ ያለውን አንጓውን ያዘችው፤ ቡሬ እስክንገባ ማርሽ ሲቀይር እጇ አብሮ ይሄድ ነበር።

ባሕር ዳር የቆየነው ጥቂት ጊዜ ነው። የሳንባ ነቀርሳው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል፤ ዘግይቷል አሉን። እኔንና አባቷንም መረመሩን፤ ነፃ ነበርን። አንዲት ነርስ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ፣ ልጃችን ከማን ጋር እንደምትኖር፣ የት እንደምትማር፣ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠየቀችን። ከዚያ «በምንድን ነው የምትመላለሰው?» አለች።

«በእኔ መኪና» አለ ባለቤቴ።

«መስኮት ትከፍታላችሁ?»

አንገቱን ደፋ። ነርሷ ገባትና ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ከየት እንደያዛት ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፣ ገበያ ሊሆን ይችላል። ይህን በራስዎ ላይ አይጫኑ» አለችው። እውነቷን ነው። እሱ ግን ያን ቀን ከዚያ ክፍል የወጣው ጭኖት ነው።

ልጃችንን ፈረስ ቤት አምጥተን ቀበርናት።

ለቅሶው ላይ የባለቤቴ እህት ከሩቅ መጣች። ሙሾ የምታወርድ ሴት ናት፤ የሚሰማት ሰው ድንጋይም ቢሆን ያለቅሳል። ወንድሟ የነገራትን በልቧ ይዛ መጥታ ኖሮ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ፣

«ሞቃት ወንበር ብሎ አባቷ ቢሰጣት፣
ብርድ ያልደፈራትን ትንፋሽ ወሰዳት» አለች።

ሰዉ አነባ። ብዙው ሰው የሰማው ሰሙን ነው፤ ትንፋሿ ወጣ፣ ሞተች፣ ማለት ነው። ከወንዶቹ መደዳ ግን እኒያ የማር ነጋዴ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ቅኔ ያወቀ ሰው ወርቁን ለመስማት ሁለተኛ ጊዜ አያስፈልገውም። በመዳፋቸው የያዙትን ንፍሮ ቀስ ብለው ወደ ሰፌዱ መለሱት። ተነሡ። ባለቤቴ ፊት ሲደርሱ የሚሉት ያላቸው መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። የባለቤቴ እህት ማን እንደሆኑ እንኳ አታውቅም ነበር። በማንም ላይ አልወረወረችውም።

ባለቤቴ ወደ ሥራው ሲመለስ መስኮት ከፍቶ መንዳት ጀመረ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ በብርዱ ጠዋት። ሰዉ መጀመሪያ ሐዘኑን አስቦ ታገሠው። በኋላ ማጉረምረም መጣ፤ ከዚያ ጠብ። እሱ ይከፍታል፣ እነሱ ይዘጋሉ። እሱ መኪናውን አቁሞ ወርዶ ይከፍታል፣ እነሱ ወርደው ሌላ መኪና ይጠብቃሉ። አንዲት አራስ አልቅሳ ወረደች። አንድ ቄስ «ልጄ፣ የሞተችውን ላታስነሣ ያሉትን ለምን ትገድላለህ?» አሉት። መስኮቱን ግን ለእሳቸውም አልዘጋላቸውም።

ባለንብረቱ ከቡሬ ደወለ። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ቤቴ ገብታ በልታለች። ግን መኪና ባዶውን አይሄድም። ሰዉ በሌላ እየሄደ ነው። ወይ ዝጋ፣ ወይ ቁልፉን አስረክበኝና ዕረፍ።»

«ገባኝ» አለ ባለቤቴ።

ስልኩን አስቀምጦ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ለማን ይፍረድ? ሰዉ የሚንቀጠቀጠው እውነቱን ነው። እሱም የሚፈራው እውነቱን ነው።

በትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት በካርቶን ታሽገው አይጥ ይበላቸው ነበር። ርእሰ መምህሩ ለተማሪ የሚሆነውን እንድለይ አዘዙኝ። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ባቡር ነው፤ በከሰልና በእንፋሎት ይሄድ ስለነበረው የጥንቱ ባቡር፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ። ልጄ ከሞተች ወዲህ ምንም ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ ያን ግን ሥዕሉን እያየሁ ቀጠልኩ። አንዱ ምዕራፍ ስለ ተሳፋሪዎች ሙቀትና አየር ይናገራል። እሑድ ቤት ወስጄ ለባለቤቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።

በዚያ በበረዶ አገር በመጀመሪያ የባቡሩ ፉርጎ ምንም ማሞቂያ አልነበረውም። ሰዉ እንደኛው ተከናንቦ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይሄድ ነበር። ቆይቶ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ዕቃ በሙቅ ውሃ እየሞሉ ለተሳፋሪው እግር ሥር አስቀመጡለት፤ ሲቀዘቅዝ በመንገድ ባለ ጣቢያ ይለወጥለታል። ከዚያ ደግሞ አንዱ ብልሃት አገኘ፤ የባቡሩ ሞተር የሚተፋውን እንፋሎት በቱቦ ስቦ ከወንበሩ ሥር አሳለፈው። ጣራው ላይ የተነፈሱት አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አበጁ።

ባለቤቴ ጣራውን እያየ ነበር የሚሰማኝ። «ቆይ» አለኝ። «የሚያሞቁት እግሩን ነው?»

«እግሩን።»

«ሌላውን አይደለም?»

«እግሩን ነው የሚለው።»

ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። «እግሩ የሞቀ ሰው ከመስኮት ጋር አይጣላም» ብሎ ወጣ።

የጀመረው በጄሪካን ነው። መናኸሪያው ጥግ ሻይ የምታፈላ ጎረቤታችን አለች፤ በትልቅ ድስት ውሃ እንድታፈላለት ለመናት። ቢጫ ጄሪካኖቹን በሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከየወንበሩ ሥር አጋደማቸው። ሰዉ መጀመሪያ ጠላ የጫነ መስሎት ሳቀ። ከዚያ እግሩን አሳረፈበት። አንዲት ባልቴት ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ጆንያው ላይ ሲያደርጉ «እፎይ፣ እናትህ ትባረክ» ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ያን ቀን አብሬው ነበርኩ። ባለቤቴ ያን ሰዓት ከፊት አንዱን መስኮት፣ ከኋላ አንዱን፣ ጥቂት ጥቂት ከፈተ። ማንም አልጮኸም።

ጄሪካኑ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ በመንገዳችን ደግሞ ሙቅ የሚለውጥ ጣቢያ የለም። ከቀዘቀዘ በኋላ ጭራሽ ይባስ ያበርዳል። ስለዚህ ቡሬ ወዳለው ጋራዥ ሄደ። የጋራዡ ባለቤት የድሮ ጓደኛው ነው፤ ልጄ ስትሞት ከቡሬ በእግርም በመኪናም ብሎ ቀብር የደረሰ ሰው ነው። መጽሐፉን ወስጄ ሥዕሉን አሳየሁት። ብዙ አየው።

«እንፋሎት የለንም» አለ በመጨረሻ። «ግን የሞተሩ ውሃ ሙቅ ነው። ወደ ራዲያተር ሄዶ ሙቀቱን ለንፋስ ይበትነዋል። ከሚበትነው ለሰው እግር ቢሰጠው ምን አለበት?»

ከሞተሩ በጎማ ቱቦ ሙቁን ውሃ ወስዶ፣ በወንበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን በብረት ቱቦ አሳልፎ፣ ወደ ራዲያተር መለሰው። ቆላ ሲወርዱ የሚዘጋ ቁልፍ አደረገበት። ሰው እንዳይቃጠል ቱቦውን በእንጨት ርብራብ ሸፈነው። ጣራው ላይ የነበረውን፣ ዝጎ የተጣበቀውን መክፈቻ በመዶሻ እየመታ አላቀቀው፤ ዝናብ እንዳይገባ ቆርቆሮ ከለለበት። በሚሠሩበት ጊዜ ባለቤቴ ከመኪናው ሥር አልወጣም ነበር። ፊቱ በግራሶ ጠቁሮ ሲወጣ ልጅ ሆኖ አየሁት።

የመጀመሪያው ጉዞ ተበላሸ። ዳገቱን ወጥተን ልንጨርስ ስንል አንዱ የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ተፈተለከ። ነጭ እንፋሎት ከወለሉ ፉጭ ብሎ ተነሣና መኪናውን ሞላው።

«እሳት! እሳት!» አለ አንዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረዋል! ስንት ዘመን ተዘግቶ የኖረው መስኮት ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። አንዲት ሴት ከነዶሮዋ ዘለለች። ድንቹ ተበተነ። «ያሉትን ለምን ትገድላለህ» ያሉት ቄስ በመስኮት ወጥተው፣ ጥምጥማቸው ውስጥ ቀርቶ፣ መንገዱ ላይ ቆመው ያማትባሉ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ውሃው የፈሰሰው ወደ ሥር ነው። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ቄሱን አያቸው። ቄሱም አዩት።

«አሁንስ መስኮቱን ከፈቱ አባ» አላቸው።

ቄሱ ሳቁ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ልጃችን ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሲስቅ ሲስቅ ድምፁ ተለወጠ። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። የወረደው ሰው ሁሉ በመንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀው። አንድም ሰው «እንሂድ» አላለም። ቄሱ ብቻ መጥተው በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ጀርባውን ያዙት።

ቱቦው በደንብ ታሰረ፤ ከዚያ በኋላ አልተፈታም። ክረምቱ ሲገባ ሰው መናኸሪያ ቆሞ «ሞቃቷ እስክትመጣ» ብሎ ሌላውን መኪና የሚያሳልፍበት ቀን መጣ። መስታወቱ ማላቡን ተወ። ባለንብረቱም ደውሎ «ምን አድርገህባት ነው?» አለ እየሳቀ። ባለቤቴ ግን የሞተሩ ክዳን ላይ ሰው አስቀምጦ አያውቅም። አጎዛውን አንሥቶ፣ ብረቱን ባዶ ተወው።

አንድ ቀን ቤት ገብቶ «እኒያ ሽማግሌ ከመኪናዬ ቀርተዋል» አለኝ። «ከለቅሶው ወዲህ አላየኋቸውም።»

እኔም አላየኋቸውም ነበር። ከመንደራቸው የምትመጣ ቅቤ ሻጭ ጠየቅኩ። አንገቷን ሰበረች። «አዬ እቴ፣ እሳቸውማ ከቤት አይወጡም። ማሩንም ትተዋል። መድኃኒቱንም ትተዋል ይባላል። ‹በቃኝ› ይላሉ አሉ።»

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ተቀምጦበት ከነበረው ተነሣ፤ ግን የትም አልሄደም። ሳምንቱን ሙሉ በመንደራቸው መገንጠያ ሳይቆም አለፈ። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበርና። ልጃችንን ያሳጣን የእሳቸው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እሳቸው ቢሞቱ ልጃችን አትመለስም። ይህን ሁሉ ማወቅ ግን እግርን አያነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ነይ» አለኝ፤ ሄድን።

ጎጇቸው ውስጥ ምድጃው አጠገብ ቁርበት ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ጉንጫቸው ገብቷል። ባለቤቴን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ አቃታቸው። ጋቢያቸውን ሳቡና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አትቅረበኝ ልጄ። እዚያው በሩ ላይ ሁን» አሉት።

«እንዴት አደሩ አባቴ» አለ ባለቤቴ።

«አባቴ አትበለኝ። ያቺ ሴት ያለችውን ሰምቻለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስንት ሰኞ ሳልኩባት። ያችን የመሰለች ልጅ። ወርቁን ከእኔ በፊት የምትፈታ ልጅ። እኔ ሽማግሌው ድኜ ልብላ?»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። ፊቱን አላየሁትም፤ ከኋላው ነበርኩ። ከዚያ ገባና ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ከእርስዎ ይሁን ከሌላ ሰው፣ እኔ አላውቅም። ሐኪሞቹም አያውቁም» አለ። «መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወንበሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህን ለመካፈል አልመጣሁም። መድኃኒትዎን እንዲጀምሩ ነው የመጣሁ። እሷ ብትኖር እግርዎ ሥር ተቀምጣ ታስውጥዎ ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«በምን እሄዳለሁ?» አሉ ቆይተው። «በሰው መካከል መቀመጥ አልችልም።»

«በእኔ መኪና ነዋ። መስኮቱ ክፍት ነው። ጣራዋም ክፍት ነው። ሐኪም የሚሰጥዎን የአፍ መሸፈኛ ያደርጋሉ። እግርዎን አይበርድዎትም።»

በማግስቱ ልጃቸው በበቅሎ አምጥቶ አሳፈራቸው። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ የተከፈተው መስኮት አጠገብ፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ተቀመጡ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች መድኃኒት ማቋረጥ አደጋ እንደሆነ ሳይቆጧቸው ነገሯቸው፤ እንደገና አስጀመሯቸው። ብዙ ወራት ፈጀ። ባለቤቴ በሄደ በመጣ ቁጥር በመንደሩ መገንጠያ ጥሩንባ ይነፋል፤ ካሉ ይወጣሉ፣ ከሌሉ ልጃቸው ወጥቶ ደህንነታቸውን ይነግረዋል። ዳኑ። የመጀመሪያውን ማር ቆርጠው ወደ ቤታችን ላኩልን። እኔ ልበላው አልቻልኩም። ባለቤቴ በላው።

እንዲህ እያለ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ አልቀጠለም። በእኛ አገር ግጭት ተነሥቶ መንገድ መዘጋት ጀመረ። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሰው ጉዞውን ቀነሰ፤ ነዳጅ ጠፋ፤ መኪናዋ ቡሬ ባለንብረቱ ግቢ ቆማ ከረመች። የእኔም ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዕቃችንን ይዘን ወደ ቡሬ ወረድን፤ የልጃችን መቃብር ፈረስ ቤት ቀረ። ለሙት ዓመቷ እንኳ መድረስ አልቻልንም፤ ቡሬ ካለው ቤተ ክርስቲያን በስሟ ፍትሐት አስፈታንላት።

ባለንብረቱ በመጨረሻ መኪናዋን ለአንድ የቆላ ሰው ሸጠ። ገዢው መጥቶ ዞሮ አያት፤ ወለሉን ረገጠ።

«ይሄ ቱቦ ምንድን ነው?»

«ማሞቂያ» አለ ባለቤቴ።

ሰውየው ሳቀ፤ ንቀት አልነበረውም። «የእኛ አገር ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል ወንድሜ? እዚያ ሰው የሚሞተው በሙቀት ነው። አውጣልኝ።»

ባለቤቴ ራሱ ላውጣ አለ። ጋራዡ ውስጥ፣ ጓደኛው ሊረዳው ቢል እንቢ ብሎ፣ ርብራቡን አንድ በአንድ ፈታ። ቱቦው ሲነቀል በውስጡ የቀረው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ዝገት የያዘ፣ ቀይ ውሃ ነው። በጨርቅ ጠረገው። ለገዢው «የጣራዋን መክፈቻ ግን አትዝጋው። መስኮቱንም ክፈት» አለው።

«እንዴታ፤ በእኛ አገር ማን ይዘጋል» አለ ገዢው።

መኪናዋ ከግቢው ወጥታ እስክትርቅ ቆሞ አያት። ከዚያ እጁን በግራሶ ጨርቅ እያበሰ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። አሁን እዚያው ከጓደኛው ጋር ይሠራል፤ መንዳት ትቷል። እኔ በቡሬ ሌላ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። አንዳንድ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም እህቴን ልጠይቅ በሚኒባስ ስሄድ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደርጋለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እትዬ፣ ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ» አለችኝ። ነጠላዬን አውልቄ ሕፃኑን አለበስኩት። መስኮቱን ግን አልዘጋሁም። ልጅቷ ቅር ብሏት ወደ ሌላው ጎን ዞረች፤ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ነጠላዬን መለሰችልኝና ሳትሰናበተኝ ወረደች።